ሦስተኛው የብር ጨርቅ

የካቲት 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ በሚገኘው በባጃጅ ሹፌሩ በገብርኤል ቤት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አልጋ ላይ የተኛው ገብርኤል ራሱ፣ ሚስቱ ሔዋን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ ዘነበች፣ እና ከመንገዱ ማዶ ቆዳ የሚነግደው ጎረቤታቸው አቶ ኸይረዲን። ኸይረዲን ሦስት ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ መግባቱ ነው፤ ገና አልተቀመጠም። ገብርኤል አንገቱን ከትራሱ ቀና አደረገና ሰው እንዳይከፋበት እንደሚጠነቀቅ ሆኖ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አማ፣ እግሬ ይሸታል» አለ። አማ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። አክስቱን በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ሔዋን ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለውን መጋረጃ ጨብጣ እንደቆመች ቀረች። ዘነበች የብርድ ልብሱን ጫፍ እያስተካከለች ነበር፤ ማስተካከሉን ቀጠለች። ሽታው ግን ክፍሉ ውስጥ ነበር። ታጭዶ ክምሩ ውስጥ እንደተበላሸ ሣር፣ ጣፈጥ ያለ፣ ከጉሮሮ የማይወርድ ሽታ ነው። ዘነበች ከንጋት ጀምሮ አውቃዋለች። እንዲያውም ዓርብ ማታ፣ ሌሎቹ ሳይሰሙት፣ እርሷ ሰምታዋለች።

«እኔ ነኝ የምሸተው» አለ ኸይረዲን ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ። «ትናንት ሰማንያ የበግ ቆዳ ስገለብጥ ውያለሁ። ሚስቴ እንኳ ከበር ነው የመለሰችኝ። አንተ የራስህን እግር ትጠረጥራለህ።»

ገብርኤል ፈገግ አለ። «አይዞህ አቶ ኸይረዲን፣ ሁለታችንም አንድ ላይ እንታጠባለን።»

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ይህን ለሚስትህ ንገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ነው የሚባለው።» ኸይረዲን ተቀመጠና ወደ ዘነበች ዞረ። «አንቺ ደግሞ እትዬ ዘነበች፣ ይሄ ከፈረንጅ አገር መጣ የሚሉት ጨርቅ እንዴት ነው? እኔ የማውቀው ጨውን ብቻ ነው። ቆዳ ያለ ጨው አንድ ቀን አያድርም፣ ትል ይሆናል።»

ሔዋን ከሐሙስ ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አንሥታ ዘነበችን አየቻት። ወዲያው ደግሞ ወደ ዳቦው መለሰችው፣ ቢላዋ ፈልጋም መቁረስ ጀመረች።

የገብርኤል ባጃጅ የተገለበጠችው በኅዳር፣ ከመናኸሪያው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነበር። የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰብሮ ሆስፒታል በብረትና በብሎን ተጠገነ። በሦስተኛው ሳምንት ብረቱ የገባበት ቦታ ተከፍቶ አረንጓዴ መግል ማውጣት ጀመረ። ጀርሙ ከየት እንደገባ ማንም አያውቅም። የሚዋጠው መድኃኒት ተዋጠ፣ የሚወጋውም ተወጋ። በመጨረሻ መግሉ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረና አንድ ወረቀት ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ የዘጠኝ መድኃኒቶች ስም ከላይ ወደ ታች ተጽፎ ነበር፤ ሐኪሙ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብላቸው፣ «ይሄ አይነካውም፣ ይሄም አይነካውም» እያለ ዘጠነኛው ላይ ደረሰ። አሥረኛ አንድ አለ፤ እርሱ ደግሞ እንኳን ሆሳዕና አዲስ አበባም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ የአንዷ ብልቃጥ ዋጋ ዘጠኝ መቶ ብር፣ በቀን ሦስት፣ ለአሥራ አራት ቀን። ሐኪሙ ዋጋውን ከተናገረ በኋላ እስክሪብቶውን አወጣና በገብርኤል እግር ላይ፣ ከጉልበቱ በታች አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መስመር አሰመረ። «ቅላቱ ይህን መስመር ካለፈ ከጉልበት በላይ እንቆርጣለን። ካለዚያ ሰውየውን እናጣለን። ሰኞ የካቲት 18 አምጡት» አለ። ባጃጅ ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው የሚያዘው። ይህን ሐኪሙ አልተናገረም፤ ገብርኤልም አላነሣውም፤ ሔዋን ብቻ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች።

የብር ጨርቁን ያመጣችው ሲስተር ፍሬሕይወት ነች። ፎንቆ ተወልዳ በሚሲዮኑ ክሊኒክ ያደገች፣ ከዚያም ምንኩስና ገብታ ሮም ነርስነት ተምራ የተመለሰች ናት። እዚያ በቃጠሎ ክፍል ስትሠራ አብሯት የነበረ ዶክተር ለስንብት የሰጣትን ሦስት ጨርቅ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛ መጣች። ጨርቁ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ የአሮጌ ቆርቆሮ ቀለም የያዘ፣ ሲነኩት ደረቅ የሚል ነገር ነው። «ብሩን ፈጭተው ፈጭተው፣ አንዱ ደቃቅ በማይክሮስኮፕ እንኳ እስከማይታይ አድቅቀው ጨርቁ ላይ አልብሰውታል። ናኖ ይሉታል» አለቻቸው፣ በዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥታ የመጀመሪያውን እያሠረች። «ውሃ ሲያገኝ ብሩ ከጨርቁ እየወጣ ጀርሙን ይበሳዋል። መድኃኒት የለመደ ጀርም ይህን ገና አልለመደም። ሦስት ቀን ሳይከፈት ይቆያል። የምታረጥቡት በዚህ በብልቃጥ ባለው ንጹሕ የመርፌ ውሃ ብቻ ነው። ጨው አይንካው። ጨው ከነካው ብሩን ይዞ ያስቀረዋል፣ ጨርቁ ተራ ጨርቅ ይሆናል።» የመጨረሻዋን ቃል የተናገረችው ወደ ዘነበች ዞራ ነው። ማንም ግን ልብ አላለውም።

ዘነበች በሚሲዮኑ ክሊኒክ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁስል ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። ከትምህርት ቤት ያገኘችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሥራውን ያስተማሯት የድሮዎቹ ፈረንጅ ሲስተሮች ናቸው። ስለ ቁስል በማወቋ ከዱራሜና ከሺንሺቾ ድረስ ሰው ስሟን ይዞ ይመጣ ነበር። ያስተማሯትም ከሁሉ በፊት ይህን ነው፤ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለብ ሲል ከላይ ወደ ታች እያፈሰሱ ማጠብ። የተቃጠለ ሕፃን፣ ቆንጨራ የቆረጠው ገበሬ፣ እንሰት ስትፍቅ እጇን የበጣች ሴት፣ ሁሉም በዚያ ውሃ አልፈዋል። ሲስተር ፍሬሕይወት ራሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እዚያ ክፍል ውስጥ ከዘነበች ኋላ ቆማ ሳህን ትይዝ ነበር። አንድ ቀን የቁስል መሸፈኛውን ደረቅ ጎዝ ሳታርስ ብትገነጥል፣ ዘነበች እጇን በመቆንጠጫው ጀርባ መትታታለች። ያኔ «ፍሬ» ነበር የምትላት። አሁን «ሲስተር» ነው የምትላት።

ረቡዕ ሲስተር ፍሬሕይወት መጥታ የመጀመሪያውን ጨርቅ ስትከፍት ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነበር። ሽታው ጠፍቷል። መግሉ ደርቋል። ቅላቱም ከሰማያዊው መስመር በታች ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ገብርኤል ለማየት ብድግ ሲል ሔዋን ትከሻውን ይዛ ሳቀች። ዘነበችም ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ እስከ ዛሬ የካፕሱል ዱቄት ስንነሰንስ የኖርነው በከንቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲስተሯም አዲሱን ጨርቅ እያረጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ከንቱማ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጀርሙን ያስተማርነው እኮ እኛ ነን፣ ዱቄቱን በየቁስሉ እየነሰነስን» አለች። እኛ ነው ያለችው። ቤቱ የሞላው ሰው ሁሉ ግን ዘነበችን አያት፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍታ ቁስሉ ላይ ያልነሰነሰችለት አንድም አልነበረም። ሲስተሯ ሁለተኛውን ጨርቅ አሥራ፣ ሦስተኛውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ፣ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛ ወደ ሺንሺቾ ሄደች።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ዘነበች ልታረጥበው ጎዙን ገለጥ ስታደርግ በጨርቁ ዙሪያ ያለው ቆዳ ጠቁሯል። ግራጫ ያለበት ጥቁረት ነው፣ አመድ የተቀባ የሚመስል። እንዲህ ያለ ጥቁረት በዕድሜዋ ስንት ጊዜ አይታለች። ከፎንቆ በቃሬዛ የመጣ አንድ ሰው ነበር፤ ጣቱ ላይ የጀመረው ጥቁረት በሦስት ቀን ጉልበቱ ደረሰና በአራተኛው ቀን ቀበሩት። ለሲስተሯ ስልክ ደወለች፤ አይገኝም አላት። እንደገና ደወለች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ውሃ አፈላች፣ የሻይ ማንኪያዋን ጨው ጨመረች፣ ለብ እስኪል ጠበቀች። ጨርቁን አንሥታ ቁስሉን ከላይ ወደ ታች እያፈሰሰች አጠበችው። እጇ ሥራውን ያውቃል፤ ልቧም በዚያው ተረጋጋ። የመርፌውን ውሃ ግን አልከፈተችም። ጨርቁን በዚያው በጨው ውሃ ነክራ ቦታው መለሰችው። ገብርኤል የሕመም ማስታገሻ ውጦ አንቀላፍቶ ነበር፤ «አማ፣ አቃጠለኝ» ብሎ ዓይኑን ሳይገልጥ መልሶ ተኛ። ዘነበች ሳህኑን ይዛ ስትዞር ሔዋን ከሰሉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው የጨው ዕቃ ላይ ነበር። ሔዋን ከሰሉን አስቀምጣ ወጣች።

ኸይረዲን ሻዩን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ዘነበች ነጠላዋን ለበሰች። «ጎዝ አልቋል፣ ልግዛ» አለች። ጎዝ አላለቀም፣ ግማሽ ጥቅል ነበር። ሔዋን ይህን ታውቃለች፤ «እሺ እትዬ» ብቻ አለቻት። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ቆጮ በተሸከሙ ሴቶች፣ ቅቤ በቅል በያዙ፣ ጥቅል ጎመን በደረደሩ ተጨናንቋል። ባጃጆቹ በሰው መሐል እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። አንዱ ሹፌር ፍጥነቱን አብርዶ አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ፣ ገብርኤል እንዴት ነው? ተራው ላይ ቦታውን ይዘንለታል በይው» አላት። «ደኅና ነው» አለችው። ሰው ሁሉ በዚህ ከተማ ስለ ገብርኤል እግር የሚጠይቀው እርሷን ነው፤ እርሷም ለሁሉም ደኅና ነው ስትል ሁለተኛ ቀኗ ነው። መድኃኒት ቤቱ ጋ ስትደርስ ተሰልፋ አንድ ጥቅል ጎዝ በሃያ ሁለት ብር ገዛች። ከፊቷ ለቆመው ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት ስድስት ፍሬ አሞክሳሲሊን ቆጥረው ሰጡት፤ ኪሱ ከትቶ ሄደ። ዘነበች አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልብም አትለውም ነበር።

ስልኳ የጮኸው ከመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ስትወርድ ነው።

«እትዬ ዘነበች፣ እንደምን አደሩ? ሐሙስ ደውለው ነበር መሰለኝ፣ የነበርኩበት ኔትወርክ የለውም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ሲስተር። ለሰላምታ ነው የደወልኩት።»

«ከቀትር በኋላ ሚኒባስ ይዤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። አንድ ነገር ረቡዕ ሳልነግርዎት ረሳሁ። የጨርቁ ዙሪያ ሊጠቁር ይችላል፣ አይደንግጡ። የብሩ ቀለም ነው፣ ቆዳው ላይ ይቀራል እንጂ ጉዳት የለውም። ከጊዜ በኋላ እንደ ጭቃ ታጥቦ ይጠፋል።»

ዘነበች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሰው በላይዋ እያለፈ ነበር፤ አንዷ ሴት ዘንቢሏ ትከሻዋን ገፍቷት፣ «ይቅርታ እናቴ» ብላ አለፈች። ሲስተሯ እየተናገረች ነው። ሺንሺቾ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ትኩስ ውሃ ተደፍቶባት ደረቷ ተቃጥሏል፤ ትናንት መግል ጀምሯታል፤ የእርሷም ጀርም መድኃኒት የሚሰማ አይመስልም። «ሦስተኛውን ጨርቅ ላደርግላት እጄ ቦርሳዬ ድረስ ሄዶ ነበር፣ እትዬ። ግን ለገብርኤል ቃል ገብቻለሁ። ለእርሱ እየሠራለት ከሆነ የእርሱ ነው፣ ሰኞ ሐኪሙ አይቶ ይተወዋል። ካልሠራለት ግን በማይሠራበት ቦታ ማባከን ኃጢአት ነው፣ ማታውኑ ለልጅቷ እልከዋለሁ። ምንም የነካው ነገር የለም አይደል?»

«ኧረ በሚገባ ይዘነዋል» አለች ዘነበች።

«አውቃለሁ። እርስዎ እያሉ እኔ ምን አስጨነቀኝ» ብላ ሲስተሯ ስልኩን ዘጋች።

ወደ ቤት ስትመለስ የምትናገረውን በልቧ ትደረድር ጀመር። ሲስተር፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሲስተር፣ ሐሙስ ጥቁረቱን ሳየው ደነገጥኩ። ሲስተር፣ ጨው ነክቶታል፣ እኔ ነኝ ያስነካሁት፤ ጨርቁ አላጠፋም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሦስተኛውን ስጪው። ይህን ያህል ቃል ነው። ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ጎፈር ሜዳ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደጋገመችው። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ግን የረቡዕ ዕለት የሰዎቹ ዓይን ይመጣባታል። እውነት ለመናገር ልቧ ውስጥ አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ ሳህን ትይዝላት የነበረች ልጅ ፊት ቆሞ እጄ አላወቀም ማለት፣ ሠላሳ አንዱን ዓመት አብሮ ከንቱ የሚያደርግ መሰላት። ግን እናገራለሁ አለች። ዘጠኝ ሰዓት ከመሆኑ በፊት ወጥቼ፣ በሩ ላይ ጠብቄ፣ ብቻዋን እነግራታለሁ።

ቤት ስትደርስ ሔዋን የቡላ ገንፎ እያማሰለች ነበር። ገብርኤል ተኝቷል፤ ግንባሩ ወዝቷል፤ ልብሱን ስታነሣለት ሰውነቱ እንደ ምድጃ ነው። ዘነበች ከእግሩ በኩል ብርድ ልብሱን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ጠዋት ቅላቱ ሰማያዊውን መስመር ከታች ነክቶት ነበር። አሁን መስመሩ ቅላቱ መሐል ነው። አንድ ጣት ያህል ወጥቷል። መልሳ ሸፈነችው።

ሔዋን ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስደገፈች። ፊቷን አላዞረችም።

«እትዬ፣ ሲስተር ስትመጣ ምን እንበላት?»

ዘነበች ነጠላዋን አጠፈች። ሔዋን ይህን ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ባሏን ያሳደገችውን ሴት ፊት ለፊት ተናግራ አታውቅም፤ አሁንም አልተናገረችም፤ ጠየቀች እንጂ። በሩን ከፍታ እንደሰጠቻት ዘነበች ገብቷታል። እሺ ብትል፣ ሁለቱ ሆነው ለሲስተሯ ሊነግሯት ይችሉ ነበር።

«ምን የሚባል ነገር አለ?» አለች ዘነበች።

ሔዋን ማማሰያውን አነሣች። ገንፎው ስር ይዞ ነበር፤ የሚፋቅ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከማርያም ማኅበር ሁለት ሴቶች ሊጠይቁ መጡ። አንደኛዋ ዕድሜ የጠገቡ፣ ወሬ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ሙዝ ይዘው ገብተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ሽታው ሳይሰማቸው አልቀረም፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ለገብርኤል የድሮ ነገር ያወሩለት ጀመር። «አንተ ምን አሳሰበህ? አክስትህ ዘነበች ሆና? እኔን አታውቀኝም፣ ይሄ ክንዴ በስብሶ ትል ሲያወጣ ዶክተሩ ይቆረጥ አለ። እሷ ናት እምቢ ብላ ዐርባ ቀን እያጠበች ያዳነችኝ። ይኸው፣ ጎመን እከትፍበታለሁ።» ክንዳቸውን አውጥተው አሳዩት። ገብርኤል በትኩሳት በላበ ፊቱ ዘነበችን አይቶ ሳቀ። ዘነበች በሩን ነበር የምታየው። ልትወጣ፣ ውጭ ቆማ ልትጠብቅ ፈልጋ ብድግ ስትል ባጃጅ በር ላይ ቆመች። ሲስተር ፍሬሕይወት ከዘጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድማ ገባች።

ሲስተሯ ሰላምታዋን አላስረዘመችም፤ ገና ከደፉ ስትገባ አፍንጫዋ ነግሯታል። እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ዘነበች ሳህኑን ያዘችላት። ጎዙ ሲገለጥ ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። ጨርቁ አረንጓዴ መግል ላይ ተንሳፎ ነበር። ሲስተሯ በመቆንጠጫ አነሣችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው፣ መልሳ ሳህኑ ላይ ጣለችው። ሰማያዊውን መስመር በጣቷ ለካች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በማይቆጣ ድምፅ፣ እንዲያውም ልጅ ሳለች በምትናገርበት ድምፅ፣ «እትዬ ዘነበች፣ ጨው ነክቶታል?» አለች።

ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር። ዘነበች ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አልነካውም።»

«ሐሙስ ማታ ትንሽ አቃጥሎኝ ነበር» አለ ገብርኤል ከትራሱ። ለመርዳት ነው የተናገረው።

ሲስተሯ ወደ ዘነበች ዞረች። የማኅበሯ ሴትዮም ዞሩ። ሔዋን ከምድጃው አጠገብ ቆማ ወለሉን ታያለች፤ ሲሚንቶው የተላጠበትን አንድ ቦታ እያየች በጫማዋ ጫፍ ትነካካው ነበር።

«ውሃው ቀዝቅዞ ነው» አለች ዘነበች። «የመርፌውን ውሃ ነው ያደረግኩለት። እንደ ነገርሽኝ።»

«የሷ እጅማ» አሉ ሴትዮዋ፣ «የሷ እጅ ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው?»

ሲስተር ፍሬሕይወት ወደ ሔዋን ተመለከተች። ሔዋን ቀና አላለችም። ሲስተሯ ጥቂት ጠበቀች፤ የምትጠብቀው ነገር እንደማይመጣ ስታውቅ ጓንቷን አወለቀች። መምህሯን ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነውር መሰላት። «እንግዲያው ብሩንም ለምዶታል ማለት ነው» አለች። «እንዲህ ያለ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አይቼ ግን አላውቅም ነበር።» ቁስሉን በተራ ጎዝ አሠረችው። የገብርኤልን ግንባር ዳብሳ የሆነ ነገር በሀዲይኛ ነገረችው፤ እርሱም ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳዋን ስትዘጋ፣ ሦስተኛው ጨርቅ ያለበት ነጭ ፖስታ ለአፍታ ታየ። ዘነበች አየችው። አፏ ተከፍቶም ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሙዝ ልጠው፣ «እንኪ ቅመሺ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም መሰለኝ» ብለው እጇ ላይ አስቀመጡላት። ሲስተሯ ደፉን ተሻገረች። ውጭ ባጃጇ ተነሣች፣ ወደ መናኸሪያውም ወረደች። ዘነበች እስከ በሩ ሄዳ፣ አቧራው እስኪወርድ ቆማ ተመለሰች።

«አማ» አለ ገብርኤል፣ «ምን አለች?»

«ሰኞ ሐኪሙ ያየዋል አለች።»

ሦስተኛው ጨርቅ ያን ዕለት ማታ በመጨረሻው ሚኒባስ ሺንሺቾ ደረሰ። ሰኞ የካቲት 18 ቀን የገብርኤል ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። የልጅቷ ደረት በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ቆዳ አበጀ። ሲስተር ፍሬሕይወት በወሩ መጨረሻ ለሮሙ ዶክተር ደብዳቤ ጻፈች፤ በደብዳቤውም የአጠቃቀሙ ሥርዓት ልምድ ባላት የቁስል ጠራጊ እጅ ሳይጓደል መጠበቁን፣ ሆኖም ብሩ በሆሳዕናው ጀርም ላይ አለመሥራቱን ገለጸች። ዶክተሩ ለዚሁ ከተማ ያዘጋጀውን ሁለት መቶ ጨርቅ ወደ ሌላ አገር ላከው።